አመድ፣ ቆሻሻ፣ መናፈሻ

የኒውዮርክ ቤቶች በድንጋይ ከሰል ይሞቁ በነበረበት ዘመን፣ የብሩክሊን ምድጃዎች አመድ የሚደፋው ኩዊንስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ኮሮና በተባለ ሠፈር ዳር ነበር። ቦታው ቀድሞ የባሕሩ ውኃ ሲሞላ የሚገባበት፣ ሲጎድል የሚወጣበት ረግረግ ነበር። ፍለሺንግ የሚባለው ወንዝ በመካከሉ እየተጠማዘዘ ያልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1910 አካባቢ ጀምሮ ብሩክሊን አሽ ሪሙቫል የተባለ ኩባንያ ክዳን በሌላቸው ፉርጎዎች አመዱን እያመጣ እዚያ ይገለብጠው ጀመር። የኩባንያው ባለቤት “ፊሽሁክስ” በሚል ቅጽል የሚታወቅ ማካርቲ የተባለ ሰው ሲሆን፣ ከተማውን በመዳፉ ከያዘው ከታማኒ ሆል የፖለቲካ ቡድን ጋር የጠበቀ ወዳጅነት ነበረው። ባቡሩ ሲያልፍ የሰው ልብስና መስኮት በአመድ ይለብስ ነበር። ክምሩ ከፍ ብሎ ከፍ ብሎ ከ25 ሜትር በላይ ሲደርስ የአካባቢው ሰው “የኮሮና ተራራ” አለው። አይጡ፣ ጭሱና ሽታው የጎረቤቶቹ የዕለት ኑሮ ሆነ። ስኮት ፊትዝጄራልድ በ1925 ባሳተመው “ታላቁ ጋትስቢ” ውስጥ ባለጸጎቹ በመኪና ወደ ከተማ ሲሄዱ የሚያቋርጡት ያ የአመድ ምድር ይኸው ነው።

ዛሬ ይህ ምድር ፍለሺንግ ሜዶውስ ኮሮና የሚባል ሰፊ መናፈሻ ነው። እኔ የምኖረው ከዚያው አቅራቢያ ነው። ሙያዬ የመሠረት አፈር ምርመራ ነው፤ ሕንፃ ከመቆሙ በፊት መሬቱ ተቦርቡሮ ናሙና ሲወጣ፣ ከላይ እስከ ታች ምን እንዳለ አይቼ እጽፋለሁ። በዚህ አካባቢ የሚወጣ ናሙና ታሪኩን በቅደም ተከተል ይናገራል። ከላይ ሣር የበቀለበት ለም አፈር አለ። ከሥሩ ግራጫ አመድ፣ የከሰል ፍርፋሪ፣ አንዳንዴም የሸክላና የጠርሙስ ስባሪ ይመጣል። ከዚያ የድሮው ረግረግ ጥቁር ጭቃ ይከተላል፤ በውስጡ ያልበሰበሰ የሸንበቆ ሥር በእጅ ይያዛል። ጠንካራው መሬት የሚገኘው ከዚህ ሁሉ በታች፣ ብዙ ከተወረደ በኋላ ነው። መናፈሻ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ የሚያስበው ያንን የላይኛውን ቀጭን አፈር ነው። እኔ ግን ሥራዬ ሆኖ የታችኛውን ነው የማስበው፤ የቆሻሻ መጣያ ቦታ መናፈሻ ይሁን ሲባል በሰማሁ ቁጥር ጥያቄዬ ከዚያ ይጀምራል።

ሮበርት ሞሰስ እ.ኤ.አ. በ1934 የኒውዮርክ መናፈሻዎች ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት ከተማው አመድ ደፊውን ኩባንያ ንብረቱን ገዝቶ አሰናበተው። ሞሰስ መጀመሪያ የፈለገው መንገድ ነበር፤ ግራንድ ሴንትራል ፓርክዌይ የተባለው አውራ ጎዳና በአመዱ ጥግ እንዲያልፍ አደረገ። በ1935 የከተማው ነጋዴዎች የዓለም ዐውደ ርእይ እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ሲያመጡ፣ ሞሰስ ዐውደ ርእዩ እዚህ አመድ ላይ ይሁን፣ ሲያልቅም ቦታው መናፈሻ ሆኖ ይቅር አለ። መቼም ይህ ሰው የብዙ ድሆችን ሠፈር በመንገዶቹ ያፈረሰ ሰው ነው፤ ስሙ ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚቆጡ አሉ፣ እኔም በብዙው አልፈርድባቸውም። ይህንን ሐሳቡን ግን እደግፈዋለሁ። ማንም ዞር ብሎ ሊያየው የማይወድ የነበረውን 490 ሄክታር ያህል መሬት የሕዝብ መዝናኛ አድርጎ ማሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ሥራው በ1936 ሰኔ ላይ ተጀመረ። ሌሊትና ቀን በፈረቃ ተሠራ። የኮሮና ተራራ ተናደ፤ አመዱ በረግረጉ ላይ ተደለደለ፣ የተረፈው ለአውራ ጎዳናዎች መደልደያ ሆነ። ወንዙ በከፊል በመሬት ውስጥ በቦይ እንዲሄድ ተደረገ። የባሕሩ ውኃ ተመልሶ እንዳይገባ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠራ፤ ከግድቡ በላይ ሁለት ሐይቆች ተቆፈሩ። አመድ ብቻውን ተክል ስለማያበቅል፣ ከሐይቆቹ ቁፋሮ የወጣውን የረግረግ ጭቃና የሥር ጉልጓሎ አክመው ለም አፈር አወጡለት። ዛፎቹ በችግኝነት ሳይሆን አድገው ከሌላ ስፍራ ተነቅለው መጡ። ዐውደ ርእዩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1939 ተከፈተ። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ!

ይህ ፍጥነት ለምን እንደተቻለ መረዳት ያስፈልጋል፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ስሕተት ሁሉ የመጣው ይህንን ባለመረዳት ነውና። አመድ የሞተ ነገር ነው። ሊቃጠል የሚችለው ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ አልቋል። አይበሰብስም፣ ጋዝ አያወጣም። ቢጫኑት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይንቀሳቀስም። በፍለሺንግ ሜዶውስ የሚሰምጠው አመዱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጭቃ ነው። ለጭቃው ደግሞ መሐንዲሶች መድኃኒት ነበራቸው፦ ከባድ ሕንፃ ሲሆን ፓይል የሚባል ረጅም ምሰሶ ተክሎ እስከ ጠንካራው መሬት መውረድ። የዐውደ ርእዩ ምልክት የነበረው ግዙፍ ክብ ኳስ፣ ፔሪስፊር የተባለው፣ የቆመው በብዙ የእንጨት ፓይሎች ላይ ነው። ኳሱ ከዐውደ ርእዩ በኋላ ፈርሶ ብረቱ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋለ። በ1964 ሁለተኛው የዓለም ዐውደ ርእይ ሲመጣ ዛሬ በሥዕሎች ሁሉ የሚታየው ዩኒስፊር፣ ያ 12 ፎቅ የሚያክል የብረት ሉል፣ በእነዚያው ፓይሎች ላይ ተተከለ።

መናፈሻው ግን በ1940 ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ አልተጠናቀቀም። ለመናፈሻው የታሰበው ገንዘብ ከዐውደ ርእዩ ትርፍ እንዲመጣ ነበር። 45 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎብኝቶትም ዐውደ ርእዩ ከሰረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መሬቱ ለዓመታት እንዲሁ በግማሽ ቀረ። ሁለተኛውም ዐውደ ርእይ ከሰረ። ሞሰስ መናፈሻውን ለከተማው ያስረከበው በ1967 ነው። አመዱን ማንሳት ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሲያልቅ መናፈሻውን መጨረስ ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ ምክንያቱም አንደኛው በጀት ነበረው፣ ሌላው ተስፋ ብቻ ነበረው።

በመካከሉ አንድ ነገር ሆኗል፤ የእኛ አገር ሰው ሊያውቀው ይገባል። ከ1939ኙ ዐውደ ርእይ እንዲቀሩ ተብለው ከተሠሩት ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ የኒውዮርክ ከተማ ሕንፃ ይባል ነበር፤ ዛሬ የኩዊንስ ሙዚየም ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የራሱን ሕንፃ ማንሃተን እስኪሠራ ድረስ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከ1946 እስከ 1950 የተሰበሰበው እዚያ ነው። ፍልስጥኤምን ለሁለት የሚከፍለው ውሳኔ በ1947 ድምፅ የተሰጠበት እዚያ ነው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር የሚለው ቁጥር 390 ውሳኔም በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ የጸደቀው እዚያው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ያ ድምፅ የኋላ ኋላ ምን እንዳስከተለ በሁለቱም አገር ልጁን ያልቀበረ ቤት ስለሌለ እኔ አልዘረዝረውም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ወደዚያ ወሰድኩት። እርሱ ያን ዜና የሰማው ተማሪ ሳለ ነው።

“አክሊሉ የተከራከሩት እዚህ ነው?” አለኝ፣ ሕንፃውን እያየ፤ ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድን ማለቱ ነው።

“አዎ አባባ፤ ጉባኤው ይሰበሰብ የነበረው እዚህ ነው።”

“ከሥሩ ምንድነው ያልከኝ?”

“አመድ። የቆሻሻ መጣያ ነበር።”

“ታዲያ እንዴት ቆመ?”

ከፖለቲካው ይልቅ ይህን መጠየቁ ደስ አሰኘኝ። ስለ ጭቃው፣ ስለ ፓይሉ፣ ስለ ግድቡ እየተራመድን ነገርኩት። እኔ የእርሱ ልጅ የሆንኩት በዚህም ጭምር ነው መሰለኝ።

መሬቱ ግን ዛሬም ያለፈውን አልተወም። ከ1978 ጀምሮ የአሜሪካ ኦፕን የቴኒስ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ መናፈሻ ነው። በ1997 የተከፈተው የአርተር አሽ ስታዲየም ጣሪያ አልነበረውም፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውድድሩ ይቆም ነበር። ጣሪያ ይደረግለት ሲባል መሬቱ እንቢ አለ። ስታዲየሙ ተጨማሪ ክብደት ቢጫንበት የሚሸከመው አፈር ከሥሩ የለም። መፍትሔ እስኪገኝ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ስታዲየሙን ጨርሶ የማይነኩ፣ የራሳቸው ጥልቅ ፓይል ያላቸው ስምንት የብረት ምሰሶዎች በዙሪያው ተተክለው፣ ቀላል ጨርቅ የለበሰ ጣሪያ በላያቸው ተዘረጋ። በ2016 አለቀ። የመጨረሻው የአመድ ፉርጎ ከተገለበጠ ከ80 ዓመት በኋላ ያ ክምርና ረግረግ ገና ሂሳብ ያስከፍላል። የቆሻሻ ቦታ ላይ ስታዲየም፣ አዳራሽ፣ ሆቴል የሚያቅዱ ሰዎች ይህን ጣሪያ ሄደው ቢያዩ እወዳለሁ።

አሁን የዚያው ከተማ አካል ወደሆነችው ደሴት፣ ወደ ስታተን አይላንድ ልሻገር። ሞሰስ በኮሮና የተሳካለትን ነገር ይዞ በ1948 እዚያ ሄደ። ፍሬሽ ኪልስ የሚባል የባሕር ረግረግ ነበር፤ ወፍና ዓሣ የሞላበት። የከተማው ቆሻሻ እዚያ ይደፋ፣ ረግረጉ ይሞላ፣ ከዚያ መንገድ፣ ፋብሪካና መናፈሻ ይሆናል ተባለ። የደሴቲቱ ሰው ተቃወመ። ሦስት ዓመት ብቻ ነው ተብሎ ቃል ተገባለት። በ1951 ሞሰስና ባልደረቦቹ ለከንቲባው ባቀረቡት ሪፖርት ውስጥ የሚመጣው መናፈሻ በካርታ ተሥሎ ነበር። ቆሻሻው መምጣቱን ግን አላቆመም። ሦስቱ ዓመት 53 ዓመት ሆነ።

እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። በኮሮና መናፈሻው የመጣው መድፋቱ ከቆመ በኋላ ነው። በስታተን አይላንድ ግን መናፈሻው የመድፋት ፈቃድ ሆነ። ለሕዝብ ነገ የሚሰጥ አረንጓዴ ቦታ በወረቀት ተሥሎ ዛሬ ሽታውን እንዲታገሥ ተጠየቀ። መናፈሻው የሚከፈትበት ቀን ግን በዚያ ካርታ ላይ በተግባር አልነበረም።

የመጣውም አመድ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ቤቶች በጋዝና በዘይት መሞቅ ጀመሩ፤ የከተማው ቆሻሻ የምግብ ትራፊ፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በቀን እስከ 29,000 ቶን በጀልባ ይመጣ ነበር። አራት ተራሮች ቆሙ፤ ከፍተኛው ወደ 70 ሜትር ደረሰ። ይህ ዓይነት ቆሻሻ በሕይወት አለ። ድፍድፍ የተደፈደፈበት ጋን አፉ ቢመረግም ውስጡ ሥራውን እንደማያቆም ሁሉ፣ ከላይ አፈር ስላለበሱት አይተኛም፤ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን ጋዝ ያወጣል፣ ጥቁር ፍሳሽ ያንጠባጥባል፣ እየበሰበሰ በሄደ መጠን ይሰምጣል። አንዱ ጥግ ብዙ፣ ሌላው ጥግ ጥቂት ስለሚሰምጥ በላዩ የተሠራ መንገድ ይሰነጠቃል፣ የተቀበረ ቧንቧ ይጎብጣል። ጋዙ መውጫ ካላገኘ የዛፍ ሥር ይገድላል፤ ተዘግቶ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ ይፈነዳል።

በ1993 የስታተን አይላንድ ሰው ከኒውዮርክ ከተማ እንገንጠል ብሎ 65 በመቶው ድምፅ ሰጠ። መገንጠሉ አልተፈቀደም፤ ነገር ግን ከቁጣው ምንጮች አንዱ የቆሻሻው ተራራ መሆኑን ሁሉም አወቀ። በ1996 መጣያው እስከ 2001 መጨረሻ እንዲዘጋ ሕግ ወጣ። የመጨረሻዋ ጀልባ እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2001 ደረሰች። በዚያው ዓመት መስከረም የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች ሲወድቁ ምዕራባዊው ተራራ እንደገና ተከፈተ። ፍርስራሹ ወደዚያ ተጓጓዘ፤ የሟቾች ቅሪትና ንብረት ለማግኘት ለወራት በወንፊት ተነፋ። የተነፋው አፈር እዚያው ቀረ። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች፣ ሰዎቻችን ቆሻሻ ላይ አይተዉ ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ አልተፈረደላቸውም። ስለዚህ የመናፈሻው ዕቅድ ያንን ተራራ እንደ ማንኛውም የሽርሽር ቦታ አይመለከተውም፤ መታሰቢያ አለው። መዝናኛ ሲታቀድ ለቅሶ የሚደረግበትም ቦታ መተው እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

ዕቅዱን በውድድር ያሸነፈው የጄምስ ኮርነር ፊልድ ኦፐሬሽንስ የተባለ ቢሮ ነው። 890 ሄክታር፣ የሴንትራል ፓርክ ሦስት እጥፍ ያህል። ከዕቅዱ የምወደው ችኮላ አለመኖሩን ነው። ተራሮቹ በተራ በተራ ተሸፈኑ፦ መጀመሪያ ቆሻሻውን የሚያስተካክል አፈር፣ ጋዙ የሚተነፍስበት ንጣፍ፣ ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ፣ የዝናቡን ውኃ ወደ ጎን የሚመልስ ንጣፍ፣ ከዚያ መከላከያ አፈር፣ በመጨረሻ ሣር። ጋዙ በጉድጓዶች ተስቦና ተጣርቶ ለደሴቲቱ ቤቶች ማሞቂያ ተሸጧል። ከቆሻሻው ሥር ቀድሞ የተነጠፈ ፕላስቲክ ስላልነበረ ዙሪያውን በመሬት ውስጥ ግድግዳና ቦይ ተሠርቶ ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ከተራሮቹ ላይ ትላልቅ ሕንፃዎች የሉም፤ ሣር፣ የእግር መንገድ፣ ብስክሌት። ኳስ ሜዳ፣ መጸዳጃ ቤትና የመሳሰለው ነገር ቆሻሻ ካልተደፋበት ጠርዝ ላይ ይደረጋል። ሣሩ ሰፍቶ ሲበቅል በኒውዮርክ ከተማ ብርቅ የሆኑ የሜዳ ድንቢጦች መጥተው እንቁላል ጣሉ፤ ማንም አልጠራቸውም። በጥቅምት 2023 ከተራራው ጥግ የመጀመሪያው የሰሜን መናፈሻ ክፍል ለሕዝብ ተከፈተ፤ 8.5 ሄክታር ብቻ። ከተዘጋ ከ22 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የቀረው እየተፈተሸ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አገር ቤት ያለውን እያሰብኩ ነው። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አየር ጤና ነው፤ ቆሼን የማውቀው በጠረኑ ነው። ረጲ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተደፋበት 36 ሄክታር ያህል መሬት። በአጠገቡ ዘነበወርቅ አለ፤ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየክፍለ አገሩ መጥተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች የመሠረቱት መንደር። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ከቆሼ ላይ ብረት፣ ሃይላንድ፣ ጨርቅ እየለቀሙ ለቆራሌው ሸጠው አድገዋል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ መጣያ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ከዚያ ወዲህ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቋል። በጃፓን መንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ድጋፍም ፉኩኦካ የሚባለው ዘዴ በክምሩ ላይ ተሞክሯል፤ ቧንቧ አስገብቶ ፍሳሹን ማስወጣት፣ በዚያው ቧንቧ አየር ማስገባት። አየር ሲገባ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ብስባሹም ቶሎ ያልቃል። ለአገራችን አቅም የሚሆን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲጀመር ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ከአገር የሚመጡ ወዳጆቼ፣ አሁን ከተማው እያማረ ስለሆነ ቆሼም አንድ ቀን መናፈሻ ይሆናል ይሉኛል። እኔም እንዲሆን እመኛለሁ፤ የዘነበወርቅ ልጆች ሣር ላይ ቢሮጡ ማን ይጠላል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ቆሼ የኮሮና ወንድም አይደለም፣ የፍሬሽ ኪልስ ነው። በሦስት ዓመት ሣር ለብሶ፣ ፏፏቴ ተሠርቶለት፣ ካፌ ተከፍቶበት ሪባን ሊቆረጥለት አይችልም፤ ቢቆረጥለትም መሬቱ ይሰነጥቀዋል። ዕቅዱ የሚጀምረው ጉድጓድ በመቦርቦር ነው፦ ጥልቀቱ ስንት ነው፣ የት የት ጋዝ አለ፣ ተዳፋቱ በዝናብ ጊዜ ይይዛል ወይ፣ ፍሳሹ ወደየትኛው ወንዝ ይወርዳል። ቀጥሎ ተዳፋቱን ማስተኛት ይመጣል፤ የተናደውም ቀጥ ብሎ የቆመ ክምር ነበርና። የጋዙን መጠን በየወሩ የሚለካ ሰው ሊቀጠር ይገባል፤ ለዚህም ክምሩን እየረገጡ ካደጉት ለቃሚዎች የተሻለ የሚያውቀው አይገኝም። በአሜሪካ ሕግ የተዘጋ መጣያ 30 ዓመት ይጠበቃል፤ የጠባቂውም ደመወዝ መጣያው ሳይዘጋ ይመደባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተናደበት ጥግ ከመዝናኛው ተለይቶ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ተጠይቀው፣ ስማቸው የሚጻፍበት ይሁን።